አንድ ሸክላ ለሦስት ክፍል

አረፍ በሉማ ወገኖቼ፤ ነገሩ ረጅም አይደለም፣ መንገዱ ግን በረዶ ነበረበት። ጥር ነው፤ ከአሌክሳንድሪያ ተነስቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው የአጎቴ የጋሼ ቤት ስነዳ፣ በረዶው መስታወቱን ይመታል፣ መጥረጊያው ይንቋቋል፣ እኔም የእንጀራ ሰሃን የማታህል አንዲት ጥቁር ዕቃ ከጎኔ በቀበቶ እንደ ሕፃን አስሬ፣ ቀስ እያልኩ፣ ሲመሽ ደረስኩ።

ልጆቻቸው ለገና ለኩሽናውና ለመኝታ ቤቱ በዋይፋይ የሚሠሩ ስፒከሮች ገዝተዋል። ደግ ስጦታ ነው፤ "ያ አሮጌ አምፕሊፋየር አሁንስ ይጣል" የሚለው ተከታዩ ግን አልተወደደም። ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1969 ማሳተም የጀመረው የአምሐ እሸቴ ኩባንያ ያወጣቸው፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ሸክላዎች አሏቸው፤ እነዚያን ዋይፋይ አያውቃቸውም፣ መርፌ ይፈልጋሉ። ያመጣኋት ዕቃ አስታራቂ ናት፦ በአንዱ በኩል የአሮጌውን ድምፅ ተቀብላ ለየክፍሉ ትበትናለች፣ በሌላው በኩል የኢንተርኔቱን ዘፈን ለአሮጌው ታቀብላለች።

እናም ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ተንበርክኬ፣ አቧራውን በእጅጌዬ ጠርጌ፣ ወደ ቴፕ መቅጃ ድምፅ ከሚያወጡት ቀዳዳዎች ቀይና ነጩን ገመድ ስቤ ሰካሁ። (የስፒከሩን ሽቦ ግን እንዲህ ካለ ዕቃ ላይ እንዳትሰኩ፤ የጎላ ድምፅ ያቃጥላታል።) ጋሼ የሸክላውን ጠርዝ በመዳፋቸው ይዘው፣ እፍ ብለው፣ መርፌዋን አሳረፉ። ወዲያው ባለቤታቸው እትዬ ከኩሽና፦

"ዘፋኙ እናንተ ጋ ቀድሞ፣ እኔ ጋ ዘግይቶ ነው እንዴ የሚዘፍነው?"

እውነታቸውን ነው። ዕቃዋ ድምፁን ወደ ቁጥር ቀይራ፣ ለሁሉም ክፍል እኩል እንዲደርስ ጥቂት ታቆየዋለች፤ በእኔዋ ትንሹ 75 ሚሊሰከንድ ነው። ኢምንት ናት፣ ጆሮ ግን ይይዛታል። እኔም ብልህ ልሁን ብዬ የዕቃዋን መውጫ መልሼ ወደዚያው አምፕሊፋየር ሰደድኩና ማዞሪያውን ወደዚያ አዞርኩ፤ ያን ጊዜ ድምፁ በመቅጃው ወጥቶ በመግቢያው እየተመለሰ፣ ራሱን እየደገመ፣ እየበረታ፣ ጩኸት ሆነ። ጋሼ ነቀሉት። ምንም አላሉኝም፤ ይህም ከቁጣ ይከብዳል።

ቡና ተፈላ፣ አቦሉን ጠጣን፣ ከዚያ የድምፁን መንገድ ከሥሩ ቀየርኩት። ከመርፌዋ የሚወጣው 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ የሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ይሰጣል። ደግሞ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጎላል፤ ይህን የሚመልስ ፎኖ የሚሉት ማጉያ ያስፈልጋል። በአምፕሊፋየሩ ሆድ ውስጥ ያለውን ትቼ ትንሽ ለብቻዋ የቆመች ፎኖ አመጣሁ፤ ማጫወቻው ወደ እሷ፣ እሷ ወደ ዕቃዋ፣ ዕቃዋ ደግሞ ወደ አምፕሊፋየሩም ወደ ክፍሎቹም። አሁን ሁሉም እኩል ይዘገያል፣ ስለዚህ ማንም አይዘገይም። እንደ ንብ ቀፎ ያለ እምምታ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ቀጭኗን የመሬት ሽቦ ረስቻት ኖሯል፣ ሳጠብቃት ዝም አለ።

ሳክስፎኑ ከሳሎን፣ ከኩሽና፣ ከመኝታ ቤት አንድ ላይ ተነሣ። እትዬ ጀበናውን እንደያዙ ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ ጋሼ መስኮቱን፣ በረዶውን ያያሉ። ያቺ ሸክላ ታዲያ አጭር ናት፤ አለቀችና መርፌዋ ጭረቱ ላይ ቸክ፣ ቸክ ስትል በሦስቱም ክፍል ተሰማ።

"ማን ይገልብጣት?" አሉ እትዬ።

ጋሼ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።