ከሰባት ለባዶ በኋላ፦ የጋላታሳራይ ሴቶች እና መንገዱን የጠረጉላቸው

ኖቬምበር 26 ቀን 2021 ጋላታሳራይ ኢስታንቡል ውስጥ፣ በገዛ ሜዳው፣ በፌነርባቼ ሰባት ለባዶ ተሸነፈ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቱርክን ኳስ በሩቁም ቢሆን የሚከታተል ሰው ይህ ውጤት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የሁለቱ ክለቦች ደርቢ ከተማውን ለሁለት የሚከፍል፣ ወንድማማቾችን የሚያኳርፍ ነው። ወንዶቹ በ2002 ስድስት ለባዶ ሲሸነፉ የፌነርባቼ ደጋፊዎች ያችን ቀን እንደ ዓመት በዓል ያዟት፤ ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ አልፎም ያነሷታል። ሰባት ለባዶ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

የዚያን ቀን ሜዳ ላይ የነበሩት ግን ሴቶች ናቸው። ጨዋታው የሁለቱ ክለቦች ሴቶች በእግር ኳስ የተገናኙበት የመጀመሪያው ሲሆን፣ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ለመቃወም የተዘጋጀ የወዳጅነት ግጥሚያ ነበር። የጋላታሳራይ ቡድን ከተቋቋመ ገና ወራት ቢሆነው ነው። ሦስት ዓመት እንኳን ሳይሞላ፣ በ2024፣ ያው ቡድን የቱርክ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሊዮን ጋር በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ይጫወት ነበር።

እንዴት ሆነ? ቶሎ የሚመጣልን መልስ «ትልቅ ክለብ ነው፣ ብር አለው» የሚል ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ለማየት ጋላታሳራይን ትንሽ ተወት አድርገን፣ ስማቸው ብዙም የማይነሳ ቡድኖች ዘንድ መሄድ አለብን።

ቀለምና ስም

ጋላታሳራይ በ1905 የተመሠረተው በዚሁ ስም በሚጠራው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነው። መሥራቹ አሊ ሳሚ ዬን ዓላማቸው ምን እንደነበር ሲያስረዳ ሦስት ነገር ይጠቅሳል፦ እንደ እንግሊዞቹ ተባብሮ መጫወት፣ የራስ የሆነ ቀለምና ስም መያዝ፣ ቱርክ ያልሆኑትን ቡድኖች ማሸነፍ። ሦስተኛው ዓላማ በተለይ በ2000 ሰመረ። የአርሰናል ደጋፊ የሆናችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ኮፐንሃገን ላይ በፍጹም ቅጣት ምት የዩኤፋን ዋንጫ የነጠቃችሁ ጋላታሳራይ ነው።

ቀለምና ስሙ ግን ለሁሉም እኩል አልተሰጠም። ትምህርት ቤቱ ሴት ተማሪ መቀበል የጀመረው በ1965 ነው፤ ክለቡ ከተመሠረተ ከስድሳ ዓመት በኋላ። ሴቶቹ በክለቡ ማሊያ እግር ኳስ እስኪጫወቱ ደግሞ ሌላ ሃምሳ ስድስት ዓመት አለፈ።

«አገሩ ለሴት ስፖርት ዝግ ስለሆነ ነው» እንዳትሉ። በ2014 የጋላታሳራይ ሴቶች በቅርጫት ኳስ የአውሮፓን ትልቁን ዋንጫ አንስተዋል። በፍጻሜው ያሸነፉት ማንን መሰላችሁ? ፌነርባቼን። የቱርክ ሴቶች መረብ ኳስም በዓለም ስሙ የገነነ ነው። ስለዚህ ሴት ልጅ በቁምጣ መሮጧ፣ ማላቧ፣ ማሸነፏ ለእነዚህ ክለቦች አዲስ ነገር አልነበረም። የተዘጋባት አንድ በር ነበር፤ እሱም የእግር ኳሱ። እግር ኳስ ትልቁ ብርና ትልቁ ስሜት ያለበት ቦታ ነው፤ የወንዶች ነው ተብሎ የታጠረውም እሱ ነው።

ሊግ ያልነበራቸው ልጆች

አጥሩን መነቅነቅ የጀመሩት ሌሎች ናቸው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ድራህሻን አርዳ የምትባል ሴት ፊሽካ ይዛ የወንዶችን ጨዋታ መዳኘት ጀመረች፤ በዓለም ላይ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ዳኞች ተርታ የምትቆጠር ናት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ኢስታንቡል ውስጥ ዶስትሉክስፖር የሚባል የሴቶች ቡድን ተቋቋመ። «ዶስትሉክ» በቱርክኛ ወዳጅነት ማለት ነው። ስሙ ከኑሯቸውም ጋር ይገጥማል፤ የሴቶች ሊግ ስላልነበረ ከወዳጅነት ግጥሚያ ውጪ የሚጫወቱት ነገር አልነበራቸውም። ዋንጫ የለ፣ ደረጃ የለ፣ መውጣት የለ፣ መውረድ የለ። ልምምድ ተሠርቶ፣ ጨዋታ ተፈልጎ፣ ተጫውቶ ወደ ቤት መሄድ ብቻ።

ከዚያ ቡድን በረኞች አንዷ ላሌ ኦርታ ትባላለች። ይህን ስም ያዙት፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ሊግ የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1993 ነው። የመጀመሪያዋን ዋንጫ የወሰደው ዲናርሱ ይባላል። ዲናርሱ የምንጣፍ ፋብሪካ ነው። አዎ፣ ምንጣፍ። ትልልቆቹ ክለቦች ዞር ብለው ባላዩበት ጊዜ የሴቶቹን ማሊያ የገዛው፣ የአውቶቡሱን የከፈለው ምንጣፍ አምራች ነበር።

በ1995 ብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያውን ጨዋታ ኢስታንቡል ላይ ከሮማኒያ ጋር አደረገ። ስምንት ለባዶ ተሸነፈ። ሊግ ከተጀመረ ሁለት ዓመት የሆነው አገር ሌላ ምን ይጠበቅበታል? የሚያሳዝነው ስምንቱ ጎል ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ2003 ሊጉ ቆመ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሴቶች ሊግ የሚባል ነገር አልነበረም። እስቲ በ2003 አሥራ ስድስት ዓመት የሞላትን አንዲት አጥቂ አስቡ። ሊጉ በ2006 ሲመለስ አሥራ ዘጠኝ ሆኗታል። አንድ ተጫዋች የምትሠራባቸው ዓመታት እነዚያ ናቸው፤ እና አለፏት። ማንም ሰው መጫወት ክልክል ነው አላላትም። የምትጫወትበት ብቻ ጠፋ።

ዩኒቨርሲቲና ማዘጋጃ ቤት

ሊጉ ሲመለስ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው የአንካራው ጋዚ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። ቀጥሎ የማዘጋጃ ቤቶች ዘመን መጣ። በቱርክ ማዘጋጃ ቤት «ቤሌዲዬ» ይባላል፤ የአካባቢውን ቆሻሻ የሚያነሳው፣ መናፈሻውን የሚያጠጣው መሥሪያ ቤት የስፖርት ቡድንም ይይዛል። ከኢስታንቡል የአታሼሂር ማዘጋጃ ቤት፣ ከኢዝሚር ደግሞ የኮናክ ማዘጋጃ ቤት ቡድኖች ተራ በተራ ነገሡ።

ኮናክ የኢዝሚር መሀል ከተማ ነው፤ በባሕሩ ዳር በ1901 የቆመ የሰዓት ማማ አለበት፣ የከተማዋ ፖስትካርድ ሁሉ እሱ ነው። የዚህ ሰፈር ሴቶች ከ2013 እስከ 2017 አምስት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሆኑ። በ2013 በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ የፖላንዱን ኡኒያ ራቺቡዥን ጥለው ከአሥራ ስድስቱ ውስጥ ገቡ። ከዚያ በፊት የትኛውም የቱርክ ሴቶች ቡድን እዚያ አልደረሰም። ያቆማቸው የኦስትሪያው ኖይሌንግባህ ነው።

አሁን ቆም ብለን እናስብ። ጋላታሳራይና ፌነርባቼ በአውሮፓ ስም ያላቸው፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ደጋፊ ያላቸው ክለቦች ናቸው። በዚያ ዓመት ግን የቱርክን የሴቶች እግር ኳስ በአውሮፓ የወከለው የአንድ ክፍለ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነበር።

አርባ አንድ ሺህ ሴቶች

«ሴቶች ኳስ አይወዱም፣ ተመልካች የለም» የሚለው ክርክር የት እንደፈረሰ ማሳየት ይቻላል፤ ቀኑም ቦታውም ይታወቃል። በ2011 ክረምት የፌነርባቼ ደጋፊዎች በአንድ የወዳጅነት ጨዋታ ሜዳ ጥሰው ገቡ። ቅጣቱ በዝግ ስታዲየም መጫወት ነበር። የቱርክ ፌዴሬሽን ግን ባዶ ወንበር ከማየት ብሎ አዲስ ነገር አመጣ፦ ወንዶቹ ይቅሩ፣ ሴቶችና ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነፃ ይግቡ።

ሴፕቴምበር 20 ቀን 2011 ፌነርባቼ ከማኒሳስፖር ሲጫወት ከአርባ አንድ ሺህ በላይ ሴቶችና ሕፃናት ስታዲየሙን ሞሉት። መዝሙሩን ያውቁታል፣ ተጫዋቾቹን በስም ያውቋቸዋል። ተጫዋቾቹም ለተመልካቹ አበባ ወረወሩ። የዓለም ጋዜጣ ሁሉ «እንዴት ያምራል» ብሎ ጻፈ።

ያምራል፤ ግን ሴቶቹ የተጠሩት ለወንዶቹ ቅጣት ማስተሰረያ ነው። ጨዋታው አለቀ፣ በሩ ተዘጋ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ነገሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ያ ሁሉ ሴት ከፊቱ ተቀምጦ ያየው ክለብ የሴቶች ቡድን ለማቋቋም አሥር ዓመት ወሰደበት። ከሦስቱ የኢስታንቡል ታላላቆች ቀድሞ የተንቀሳቀሰው ቤሺክታሽ ነው፤ በ2014 ቡድን መሥርቶ በ2019 ሻምፒዮን ሆነ።

2021

በ2021 ፌዴሬሽኑ ሊጉን «ሱፐር ሊግ» ብሎ ሰየመው፣ የስልክ ኩባንያው ቱርክሴል ስሙን ሰጠው፣ ጋላታሳራይና ፌነርባቼም ገቡ። ሃያ አራት ቡድን በሁለት ምድብ። ያው ዓመት ሌላም ነገር የሆነበት ነው፤ ቱርክ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ለመከላከል ከተፈረመውና በራሷ ከተማ ስም ከሚጠራው የኢስታንቡል ስምምነት በመጋቢት ወጣች፤ ሴቶችም አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። በኖቬምበር የተደረገው የመጀመሪያ ደርቢ ጥቃትን የሚቃወም መልእክት ይዞ የተካሄደው በዚህ ዓመት ነው። ሰባት ለባዶውን ያየ ሰው ውጤቱን ብቻ ካየ ብዙ ነገር አምልጦታል።

ስሙ ትልቅ ስለሆነ ወዲያው አላሸነፈም። በ2022 ዋንጫው ወደ ጋዚያንቴፕ ሄደ፣ ኤ.ኤል.ጂ. ስፖር ወሰደው። በ2023 የአንካራ ማዘጋጃ ቤቱ ፎምጌት በፍጻሜው ፌነርባቼን አሸንፎ ወሰደው። ፋብሪካውና ማዘጋጃ ቤቱ ገና እጅ አልሰጡም ነበር። በ2024 ግን የጋላታሳራይ ተራ ደረሰ። ወንዶቹም በዚያው ወቅት 102 ነጥብ ሰብስበው ሻምፒዮን ስለሆኑ ቀይና ቢጫው በሁለቱም በኩል ዋንጫ አነሳ።

እዚህ ላይ ነው «ብር አለው» የሚለው መልስ ግማሽ የሚሆነው። በ2021 የተቋቋመ ቡድን በ2024 ሲያሸንፍ፣ የሃያ አምስት ዓመት ተጫዋች በሦስት ዓመት ውስጥ አሳድጎ አይደለም። ቱርካውያኑ ተጫዋቾች ኳስ መግፋት የጀመሩት ሌላ ቦታ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት በከፈለው ሜዳ ላይ፣ በትንሽ ክለብ አሰልጣኝ ጩኸት ሥር። ብሩ ተጫዋች ይገዛል። የሚገዛት ተጫዋች እንድትኖር ግን አስቀድሞ የሆነ ሰው፣ ማንም ሳያየው፣ ታኬታ ገዝቶላት መሆን አለበት።

ስድስት ሽንፈት

በ2024 መኸር ጋላታሳራይ ስላቪያ ፕራግን ጥሎ በሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ የገባ የመጀመሪያው የቱርክ ቡድን ሆነ። ምድቡ ምሕረት የለውም፦ ስምንት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነው ሊዮን፣ ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ቮልፍስቡርግ፣ ሮማ። ስድስት ጨዋታ፣ ስድስት ሽንፈት፣ ዜሮ ነጥብ።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚሳለቅ አይጠፋም። እኔ ግን ቁጥሮቹን በተርታ ሳስቀምጣቸው ሌላ ነገር ይታየኛል። በ1995 በሮማኒያ ስምንት ለባዶ፤ ከዚያ ሊጉ ተዘጋ። በ2021 በፌነርባቼ ሰባት ለባዶ፤ ከዚያ ቡድኑ ቀጠለ፣ ሻምፒዮንም ሆነ። ሽንፈቱ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ በማግስቱ ልምምድ መኖሩና አለመኖሩ ነው። ወንዶቹም በአውሮፓ ተሸንፈው ያውቃሉ፤ ግን ተሸነፉ ተብሎ ሊጋቸው ሦስት ዓመት ተዘግቶባቸው አያውቅም።

ለዚህ ነው ለእኔ የጋላታሳራይ ሴቶች ታሪክ ትልቁ ጥያቄ የሚቀጥለው ዋንጫ ያልሆነው። ጥያቄው፣ በሚከፋው ዓመት፣ ስፖንሰሩ ሲሸሽና የክለቡ ካዝና ሲራቆት፣ መጀመሪያ የሚቆረጠው ማን ነው የሚለው ነው። እስካሁን ባለው ልማድ መልሱ ይታወቃል። ትልቅ ስም መኖሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የፋብሪካ ቡድን ቢዘጋ ማንም አይሰማም፣ ጋላታሳራይ ቢዘጋ ግን ጫጫታ ይነሳል።

አሁን ወደ ላሌ ኦርታ እንመለስ። የዶስትሉክስፖሯ በረኛ ጓንቷን ሰቅላ ዳኛ ሆነች፣ የፊፋ ባጅ አገኘች፣ ዩኒቨርሲቲም አስተማረች። በ2022 የቱርክ ፌዴሬሽን የዳኞች ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆና ተሾመች፤ በዚያ ወንበር የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የጋላታሳራይንም የፌነርባቼንም የወንዶች ጨዋታ ማን እንደሚዳኝ የሚወስነው ኮሚቴ ማለት ነው። ሊግ እንኳን ባልነበረበት ዘመን ጎል ስትጠብቅ የነበረች ልጅ።