ሩቅዓ፦ ከካላክላ የሱቅ ሰሌዳዎች እስከ ኮምፒውተር ፎንት

ካላክላ ከካርቱም መሀል ከተማ በስተደቡብ፣ በነጭ ዓባይ አቅጣጫ የምትገኝ ሰፊ የመኖሪያና የገበያ ሰፈር ናት። እንደ ሌሎቹ የካርቱም ሰፈሮች ሁሉ በካላክላም የሱቅ ስም፣ የግድግዳ ማስታወቂያና በእጅ የሚሞላ ደረሰኝ ብዙውን ጊዜ የሚጻፉት ሩቅዓ በሚባለው የዐረብኛ የእጅ ጽሕፈት ስልት ነው። ዐረብኛን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ ጋዜጣውን አንብቦ የባለሱቁን ደረሰኝ ማንበብ የሚያቅተው በዚሁ ምክንያት ነው።

መጻሕፍትና ጋዜጦች የሚታተሙት በአብዛኛው ነስኽ በተሰኘው ስልት ነው። ሩቅዓ ግን ለፍጥነት የተበጀ ነው፤ ስሙም ቁራጭ ወረቀት ወይም የጨርቅ እራፊ ማለት ነው። በኦቶማን ጽሕፈት ቤቶች ለዕለት ጉዳይ ሲያገለግል ቆይቶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሙምታዝ ኤፌንዲ የተባለ ጸሐፊ መደበኛ ሥርዓት እንዳበጀለት ይነገራል።

የሩቅዓ ጸሐፊ እጁን ቶሎ ቶሎ አያነሣም። ሁለት ነጥብ አጭር ሰረዝ፣ ሦስት ነጥብ ትንሽ ማዕዘን ይሆናል። የ"ሲን" ጥርሶች ጠፍተው አንድ መስመር ይቀራል። ቃሉ ከላይ ጀምሮ ወደ መስመሩ እያዘቀዘቀ ይወርዳል። ለፎንት ሠሪ ትልቁ ፈተና ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል ከፍታ የሚወሰነው ከኋላው በሚከተሉት ፊደላት ነውና። የሆላንዱ ዲኮታይፕ በ1980ዎቹ (እአአ) ሩቅዓን በኮምፒውተር መጻፍ ችሏል። ዛሬ በነጻ የሚገኘውን "ዓሪፍ ሩቅዓ" የተሰኘ ፎንት የሠሩት ደግሞ ዐብዱላህ ዓሪፍና ግብፃዊው ኻሊድ ሆስኒ ናቸው።

ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በካርቱም የተቀሰቀሰው ጦርነት ነዋሪዎችን ከነሱቃቸው አፈናቅሏል። በብሩሽ የተጻፈ ሰሌዳ ፎቶግራፍ ያነሣው ከሌለ ቅጂ የለውም። ፎንት ፊደሉን ሊያቆይ ይችላል፤ የሰሌዳ ጸሐፊውን እጅ ግን አይመልስም።

ሩቅዓ የሚያምረው በትልቁ፣ በጥቂት ቃላት ሲጻፍ ነው፦ ለሱቅ ሰሌዳ፣ ለመጥሪያ ካርድ፣ ለመጽሐፍ ሽፋን። መስመር ለመሙላት ፊደሉን መለጠጥ ከሺዳ ይባላል፤ በነስኽ የተለመደ ቢሆንም ሩቅዓን ያበላሸዋል። ለመድኃኒት መመሪያ ወይም ለውል ሰነድ ደግሞ አይመረጥም፤ ሰረዝ የሆነ ነጥብ በደቃቅ ፊደል ሲታተም ለስሕተት ይዳርጋልና።

የእጅ ጽሕፈት መልክ ያላቸው የአማርኛ ፎንቶችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ። ከእነዚህ አንዱ በታዋቂው የቁም ጽሕፈት ባለሙያ በይገዙ ብሥራት ስም ተሰይሟል። በአማርኛ አደጋው ያለው ቅጥያዎቹ ላይ ነው። "ቡ" እና "ቢ" የሚለዩት ቅጥያዋ በወገብ ወይም በእግር በመሆኗ ብቻ ነው፤ ፎንቱ ቅጥያዋን ወደ ታች ካንሸራተታት የቡና ቤቱ ሰሌዳ "ቢና ቤት" ተብሎ ይነበባል። ሰሌዳ የሚያሠራ ሰው ከማሳተሙ በፊት ጽሑፉን ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ቢያነበው ይበጃል።