የእንሰት ጓሮ ዶሮ እና የተብላላ መኖ
በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢያቸው ባሉ የሀዲያና የከምባታ መንደሮች የሐበሻ ዶሮ ለዘመናት የኖረችው በእንሰት ጓሮ እየጫረች፣ ከትልና ከነፍሳት ሌላ የቆጮ ፍርፋሪንና አተላን እየለቀመች ነው። ቆጮ፣ ማለትም ሴቶች ፍቀው በጉድጓድ የሚያብላሉት የእንሰት ምግብ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን በሚፈጥሩት አሲድ ከብልሽት ቢጠበቅም ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ የጫጪት ዕድገትን ብቻውን ሊደግፍ አይችልም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ የጅማና የአለማያ የግብርና ትምህርት ቤቶች ዋይት ሌግሆርንን የመሰሉ የውጭ ዝርያዎችን ካስገቡ በኋላ፣ ብዙ እንቁላል የምትጥል ዶሮ የተመጣጠነ መኖ እንደምትሻ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። የዓሣ ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ በአሲድ ተብላልቶ ሲቀርብ የቆጮን የፕሮቲን ጉድለት ሊሞላ የሚችል ሲሆን፣ ምግብን በአሲድ ከብልሽት የመጠበቁ መሠረታዊ አሠራርም የእንሰት አብላዮቹ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ጠንቅቀው ያወቁት፣ በታሪክ ግን ተገቢው ክብር ያልተሰጠው ጥበብ ነው።