ሰው ሲከራከር እንስሳት መሰከሩ፦ የሐራራ ታሪክ



በ16ኛው ክፍለ ዘመን በመካ ይኖሩ የነበሩት የሻፊዒይ መዝሀብ ታላቅ ዓሊም ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚይ (ረሒመሁላህ) ስለ ጫት ከየመን ጥያቄ መጣላቸው። ጉዳዩን ለብቻው ኪታብ ጻፉበት። የከበዳቸው ምስክሩ ነበር። አንዱ ቃሚ «ያነቃኛል፣ ያበረታኛል» ይላል፤ ሌላው «ጎዳኝ» ይላል። ቃሉ ስለተለያየባቸው በቁርጥ ሐራም ነው ከማለት ተቆጥበው መራቁን መከሩ።

ሰው ስለሚወደው ነገር ሲመሰክር ሰበብ አያጣም። እንስሳ ግን ሰበብ አያውቅም። ከዘመናት በኋላ ሳይንስ ይህንኑ ጥያቄ ለአይጥና ለጦጣ ያቀረበው እንዴት እንደሆነ እንመልከት። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1954 ኦልድስና ሚልነር የተባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ፣ ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገቡ። አይጧ አንዲት መጫኛ ስትነካ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ አንጎሏ ይገባል። አይጦቹ ማንም ሳያስገድዳቸው በሰዓት በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይጫኑ ጀመር። አንጎል ውስጥ «ድገመው» የሚል ስፍራ እንዳለ በዚህ ታወቀ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በጥንቸሎች ላይ ባደረገው ምርምር ዶፓሚን ራሱን የቻለ የአንጎል መልእክተኛ መሆኑን አሳየ፤ በ2000 የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

ወደ ጫታችን እንመለስ። በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ በእርጥብ የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለየ። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን እየተለወጠ ኃይሉ ይደክማል። የጫት መኪና እንደዚያ የሚከንፈው ለዚህ ነው! በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፒተር ካሊክስ ከእንስሳት በተወሰደ የአንጎል ክፍል ላይ ካቲኖን ልክ እንደ አምፌታሚን ዶፓሚን እንደሚያስለቅቅ አረጋገጠ። በ1981 በወጣ ጥናት ደግሞ ጦጣዎች ካቲኖን ለማግኘት ራሳቸው መጫኛ ሲጫኑ ታዩ።

አንድ ጊዜ መቅመስ ሌላ፣ መደጋገም ሌላ ነው። በ1976 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጦጣዎችን ለወራት በብዛት ሜታምፌታሚን ወጓቸው። መድኃኒቱ ከቆመ ከወራት በኋላ እንኳ የአንጎላቸው ዶፓሚን በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። በ1993 ሮቢንሰንና ቤሪጅ የእንስሳቱን ጥናት አሰባስበው ወሳኝ ነገር አስተዋሉ፦ በድግግሞሽ ደስታው ባይጨምርም ፍላጎቱ ግን እየበረታ ይሄዳል። በእኛ ቋንቋ፣ ምርቃናው ይቀንሳል፤ ሐራራው ይጨምራል።

ጫት መቃም ሜታምፌታሚን በደም ሥር ከመውሰድ ጋር እኩል ነው አንልም፤ መጠኑም ፍጥነቱም ይለያያል። አንጎልን የሚነካበት በር ግን አንድ ነው።

በመጨረሻ በ2006 የወጣ ጥናት እናንሳ። ለአንድ ዓመት ኮኬይን የወሰዱ ጦጣዎች ዶፓሚን የሚቀበሉት የአንጎላቸው «ጆሮዎች» ቀንሰው ነበር። ካቆሙ በኋላ አንዳንዶቹ በ3 ወር ወደ ቀድሞው ተመለሱ፤ ሌሎቹ ግን ዓመት አልፎም አልተመለሱም።

ወጣቶች ሆይ! ያልጀመራችሁ፣ «ሲያስፈልገኝ አቆማለሁ» በሚል አትጀምሩ። ከ3 ወሩ ወይስ ከዓመቱ ወገን እንደምትሆኑ አስቀድማችሁ አታውቁምና። የጀመራችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት የከበዷችሁ ኢማናችሁ ስለደከመ ብቻ አይደለም፤ አንጎላችሁም ጥገና ላይ ነው። ሊያቆም የሚታገልን ወንድማችንን «ሱሰኛ» ብለን ከምንሰድበው፣ በርጫ በሚጀመርበት ሰዓት ደውለን ከቤት እናውጣው፤ ሐኪም ካስፈለገውም አብረነው እንሂድ።

አላህ አእምሯችንን ይጠብቅልን፤ ለሚታገሉትም ያግዛቸው። አሚን።