«ኢምፕሮቫይዝ» ስለ ተባለው የእንግሊዝኛ ቃል

በእንግሊዝኛ ትምህርት «ኢምፕሮቫይዝ» የሚል ቃል በመጣ ቍጥር «ያለ ዝግጅት መሥራት» ተብሎ ሲተረጐም እንሰማለን። በዚህም ትርጕም እየተመካ፥ ንግግሩን ሳያጠና ከሰው ፊት የሚቆም ተማሪ አይጠፋም። የአንድ ቃል ፍች ቀላል ነገር አለመሆኑን ግን እኛ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች ከማንም ይልቅ ልናውቅ ይገባናል፤ በ1881 ዓ.ም. እዚሁ ውጫሌ የተፈረመው ውል፥ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ፈቃድ፥ በኢጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ስለ ተጻፈ፥ ነገሩ እስከ 1888ቱ የዐድዋ ጦርነት አድርሷልና።

ቃሉ ከላቲን የወጣ ነው። «ፕሮ» አስቀድሞ፥ «ቪዴሬ» ማየት ሲሆን፥ በፊቱ የገባው «ኢን» አፍራሽ ነው፤ በአንድነት «አስቀድሞ ያልታየ» ማለት ይሆናል። ኢጣልያኖች አድማጭ በሰጣቸው ርእስ እዚያው ግጥም የሚገጥሙትን ባለቅኔዎቻቸውን በዚህ ቃል ይጠሩ ነበር። ከነርሱም አንዷ ኮሪላ ኦሊምፒካ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1776 በሮማ ከተማ የባለቅኔነት አክሊል ተቀዳጅታለች። ቃሉም በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ባልንጀራው «ኢምፕሮምፕቱ» ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል፤ ዛሬ «ሳይታሰብ» የሚል ፍች ቢኖረውም፥ የላቲኑ ሥር «ኢን ፕሮምፕቱ» ግን «ተዘጋጅቶ በእጅ ያለ» ማለት ነው። ያልታሰበ የተባለው ነገር ቀድሞ የተሰናዳ ሆኖ ተገኘ!

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሮማ ድረስ መሄድ አያሻንም። በአገራችን ስም የሚጠራው አምባሰል፥ ከትዝታ፥ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋራ ከ4ቱ ታላላቅ ቅኝቶች አንዱ ነው። ዜማው በ5 ድምፆች የቆመ ነው፤ ድምፆቹ አይለወጡም፥ ግጥሙ ግን በየሰርጉ ሌላ ነው። አድማጭ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጠው አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል፥ የራሱንም ይጨምርበታል። የሙሽራውን አባት ስም አስገብቶ ግጥሙ ቤት እንዲመታ ለማድረግ የሚያገኘው ጊዜ፥ ማሲንቆው አንድ ዙር እስኪል ድረስ ብቻ ነው። «አዝማሪ እንዲያው አፉ እንዳመጣለት ይለፈልፋል» የሚሉ አሉ። እስቲ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ ማሲንቆ ሥር ተቀምጦ ጆሮውን ያላሠለጠነ ሰው ይሞክረው!

የቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። በስሙ አንድ የቅኔ ቤት የሚጠራበት ዋድላ የሚገኘው በሰሜን ወሎ ነው። ተማሪው የግእዙን ግስ አጥንቶ፥ ቀን ለብቻው ሆኖ ቅኔ ይቈጥራል፥ ለመምህሩ ይነግራል፥ ይታረማል፤ 2 ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ 8 ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው ብዙ ደክሞ ነው። ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ስለ ሆነ ዘወትር አዲስ ያስፈልጋል። ሊቁ በማኅሌት ቆሞ አዲሱን ቅኔ ሲያሰማም «ዘረፈ» ይባላል።

ስለዚህ «ኢምፕሮቫይዝ»ን ወደ አማርኛ ለመመለስ «ያለ ዝግጅት» ከማለት «መዝረፍ» የሚለው ይሻላል እንላለን። ችግሩ አንድ ነው፤ ቅኔ ቤት ላልዋለ ሰው «እገሌ በበዓሉ ቀን በሕዝብ ፊት ዘረፈ» ብንለው፥ ፖሊስ ለመጥራት መሮጡ አይቀርም።