የሙዚቃ ሲዲ ቅጂና የኮምፒውተር መድረቅ

ሙዚቃ ከሲዲ ሲቀዳ ኮምፒውተር የሚደርቀው ወይም ሰማያዊ ስክሪን የሚያሳየው ብዙ ጊዜ በድራይቨር (መሣሪያን ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኝ ፕሮግራም) ግጭት ነው። በዊንዶውስ ላይ ሁለት ቀጂ ፕሮግራሞች አንድ የሲዲ ድራይቭ ሲሻሙ ግጭቱ ይፈጠራል። ማሽኑ አልነሳ ካለ በሴፍ ሞድ ከፍቶ መጨረሻ የተጫነውን ፕሮግራም ማንሳት ይበጃል። የተጫጫረ ሲዲ ሲሆን ግን ድራይቩ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ስለሚያነብ ኮምፒውተሩ የቆመ ይመስላል እንጂ አልተበላሸም፤ ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ መጥረግና የንባብ ፍጥነቱን መቀነስ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳይ የመጣው ከሲዲው ከራሱ ነበር። የሙዚቃ ኩባንያው ሶኒ ቢኤምጂ ቅጂን ለመከላከል ኤክስሲፒ የተባለ ራሱን የሚደብቅ ፕሮግራም በአንዳንድ ሲዲዎቹ ላይ አኑሮ ነበር፤ ይህንንም የዊንዶውስ ባለሙያው ማርክ ሩሲኖቪች በ2005 እ.ኤ.አ. አጋለጠ። ፋይሎቹን በእጁ የሰረዘ ሰው የሲዲ ድራይቩ ከዊንዶውስ ይጠፋበት ነበር። እንዲህ ያለው አሠራር በገዢው ላይ የተፈጸመ በደል ነው። ኩባንያው በመጨረሻ ዲስኮቹን ከገበያ ሰበሰበ።

ከሲዲውና ከፕሮግራሙ ሌላ፣ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የመብራት መቆራረጥም መታሰብ አለበት። በቅጂ መሃል የጠፋ መብራት ጎዶሎ ፋይል ይተዋል፤ ባትሪ የሌለው ኮምፒውተር ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ያስፈልገዋል። የቆየ የአማርኛ ወይም የኦሮምኛ አልበም የያዘ ሰው ከተቀዳ በኋላም ሲዲውን አይጣለው።