ፊደሉ ቱርሚ እንዴት ደረሰ

ሰኞ የቱርሚ ገበያ ነው። ከየመንደሩ የሚመጡት ሐመሮች ማሩን፣ ቅቤውን፣ ማሽላውን፣ ቅሉንና የቡና ገለባውን ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ይደርሳሉ። ከገበያው ወረድ ብሎ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ሱቅ አለች። ስልክ በሶላር ቻርጅ ይደረግባታል፣ ካርድም ይሸጥባታል። ባለፈው ጊዜ እዚያ በር ላይ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ አንድ ሾፌር ገባና ስልኩን ለአንድ አስጎብኚ ልጅ ዘረጋለት።

«ማሙሽ፣ እስቲ ይሄ ነገር አማርኛ እንዲጽፍልኝ አድርግልኝ። ልጄ ከጂንካ በአማርኛ ትጽፍልኛለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምመልስላት። ትስቅብኛለች።»

ልጁ ስልኩን ተቀበለ፣ ሴቲንግ ገባ፣ ቋንቋ አለ፣ ኪቦርድ ጨመረ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሾፌሩ ብር ሊሰጠው ኪሱ ሲገባ ልጁ እጁን መለሰ።

«ተው ጋሼ፣ ለእኔም ሰው ነው ያሳየኝ።»

«ማነው ያሳየህ?» አልኩት እኔ፣ ጣልቃ ገብቼ።

«በቴሌግራም ነው። አርባ ምንጭ ያለ ልጅ ነው መሰለኝ። አላውቀውም።»

ይህቺ «አላውቀውም» የምትለው ቃል ከቱርሚ ከተመለስኩ በኋላም አልለቀቀችኝም። አርባ ምንጭ ላለው ልጅስ ማን አሳየው? ለእሱ ያሳየውንስ? ይህን ሰንሰለት ወደ ኋላ ብንከተለው የት ያደርሰናል? እኔም በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያልከፈልኩት ዕዳ አለብኝና ታሪኩን ለመጻፍ ተነሳሁ።

ከዕዳዬ ልጀምር። ከዓመታት በፊት በደቡብ ኦሞ አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ጊዜ የአማርኛ ፈተና ጂንካ ላይ ተይቤ፣ በፍላሽ ይዤ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በጭነት መኪና ሄጄ ደረስኩ። ፋይሉን ስከፍተው ግን አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ ነጥብና ሰረዝ ተደባልቀው ገጹን ሞልተውታል። ፈተናው በማግስቱ ነው። በዚያ ሌሊት ተማሪዎቼን ሳይሆን ራሴን ፈተንኩ ማለት ይቀላል። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አስታውሼ በእጄ ጻፍኳቸው።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ጥንት ኮምፒውተር የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። ለፊደላት የነበረው ቦታ በአንድ ፎንት ቢበዛ 256 ነው፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው አስቀድሞ ተይዟል። የእኛ ፊደል ደግሞ ከነዝርያው፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከ300 ያልፋል። ችግሩ አዲስ አልነበረም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሱም ያጋጠማቸው ይኸው ነበር፤ የፊደሉ ብዛት ከቁልፉ ቁጥር ጋር አልገጥም አለ። የኮምፒውተር ባለሙያዎቻችን ያደረጉት የእንግሊዝኛውን ቦታ መበደር ነው። «ኤ» በምትቀመጥበት ቦታ ላይ አንድ የአማርኛ ፊደል ይሥላሉ፣ አልበቃ ሲል ፊደሉን ለሁለት ፎንት ይከፍሉታል። ግን አንዱ ሠሪ «ለ»ን ያስቀመጠበት ቦታ ላይ ሌላው «መ»ን አስቀመጠ። በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ፓወር ግዕዝ ያለው ሰው ቪዥዋል ግዕዝ ላለው ሰው ደብዳቤ ሲልክ ፎንቱንም አብሮ መላክ ነበረበት።

ይህን ችግር የፈቱት ትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ ይመስለን ይሆናል። ታሪኩ እንደዚያ አይደለም። መነሻው ተጠቃሚዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩት ፍስሐ አትላው «ዳሸን» በተባለው ድርጅታቸው በኩል በኮምፒውተር አማርኛ ማጻፍ ከቻሉት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ናቸው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በአሜሪካና በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የነበሩ ኢትዮጵያውያን በኢሜይል መገናኘት ጀመሩ። ኢሜይሉ ግን የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው። አማርኛ የሚናፍቅ ሰው ሁሉ በመሰለው መንገድ በላቲን ይጽፋል፤ አንዱ «ጠ»ን በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ። አንባቢው ቃሉን እንደ እንቆቅልሽ ይፈታል።

ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያቀረቡት «ሴራ» የተባለው ሥርዓት የመጣው ከዚህ ነው። ስሙ ክፉ ትርጉም ያለው ይመስላል እንጂ ሥራው ሌላ ነው፦ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በእንግሊዝኛ ፊደላት እንዴት እንደሚጻፍ አንድ ስምምነት ማበጀት። ትንሿ «ቲ» ተን ትሰጣለች፣ ትልቋ «ቲ» ጠን ትሰጣለች። ትንሿ «ሲ» ቸ፣ ትልቋ «ሲ» ጨ። ዛሬ በስልካችን በእንግሊዝኛ ድምፅ እየነካን አማርኛ ስንጽፍ ብዙዎቻችን ሳናውቀው የምንከተለው ይህንኑ ልማድ ነው። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ብርሃኑ በየነ ከጀርመን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሳይንሳዊ ጽሑፍ በሚያሳምረው በቴክ ፕሮግራም ግዕዝ እንዲጻፍ አድርጓል። ያን ሥራ ዛሬም ማንም ሰው በነጻ አውርዶ ይጠቀምበታል።

እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በአካል አይተዋወቁም ነበር። አንዱ የሠራውን ይልካል፣ ሌላው ይሞክረዋል፣ «እዚህ ጋ ተሰበረብኝ» ይላል፣ ሦስተኛው ያርመዋል። ልማዱ በዓለም ላይ ከኢንተርኔት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1955 የአይቢኤም 704 ኮምፒውተር የገዙ ድርጅቶች «ሼር» የተባለ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ማሽኑ ውድ ነው፣ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ያንኑ ፕሮግራም ከዜሮ ከመጻፍ ቢዋዋሱ ይሻላል አሉ። የማኅበሩ ስም ራሱ «ተካፈል» ማለት ነው። ለእኛም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። በቆሎ ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉንም ተማሪ አንድ በአንድ አያስቀጽሉም፤ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል። ፊደል የቆጠረ ላልቆጠረው ያስቆጥራል። የሚከፈለው ገንዘብ የለም፣ ዕዳው ግን አለ፤ ዕዳው የሚከፈለው ለቀጣዩ ነው።

አዲስ አበባም የራሷ ሰዎች ነበሯት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የመጀመሪያውን የኢሜይል በር ከፈተ። መልእክት ይጠራቀማል፣ ከዚያ በስልክ መስመር ተደውሎ ይላካል፣ የመጣውም ይወርዳል። አንድ ጥያቄ ዛሬ ተልኮ መልሱ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይደርሳል። በአሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ደግሞ ጥቂት ባለሙያዎች ተሰባስበው ኢንተርኔትን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ያለ ክፍያ መወትወትና ማጥናት ጀመሩ። ቴሌ እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ የኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምር፣ ከበስተጀርባው የእነዚህ ፈቃደኞች ልፋት ነበር።

አሁን ወደ ቱርሚ ልመለስና አንድ ነገር ላውጋችሁ። ሐመር ውስጥ አንድ ወጣት ከብት ሊዘል ሲዘጋጅ ዘመድ ወዳጁን የሚጠራው በቋጠሮ ነው። በገመዱ ላይ ያሉት ቋጠሮዎች ለሥነ ሥርዓቱ የቀሩትን ቀናት ይቆጥራሉ። እንግዳው በየቀኑ አንድ ቋጠሮ ይፈታል፤ ሲያልቅ ቀኑ ደርሷል። ቋጠሮው በራሱ ምንም አይናገርም። የሚናገረው ላኪውም ተቀባዩም «አንድ ቋጠሮ አንድ ቀን ነው» ብለው ስለተስማሙ ነው። አንዱ «ቋጠሮ ሁለት ቀን ነው» ቢል እንግዳው ድግሱ ካለፈ በኋላ ይመጣል።

የእኔ ፈተና የደረሰበት ይኸው ነው። ጂንካ ያለው ኮምፒውተርና የእኔው ኮምፒውተር በቋጠሮው አልተስማሙም። ዩኒኮድ ማለት ደግሞ ዓለም ሁሉ የተስማማበት ቋጠሮ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር፣ በየትኛውም ማሽን አንድ ዓይነት። የግዕዝ ፊደል እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ሲሆን 345 ምልክቶች ይዞ ነበር። ጉዳዩ እዚያ አላቆመም። በ2005 ለብሊን፣ ለሜኤንና ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉ ፊደሎች ተጨመሩ። በ2010 ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ 32 ፊደሎች ገቡ። ባስኬቶና ጎፋ የደቡብ ኦሞ ጎረቤቶች ናቸው። በ2021 ደግሞ ለጉራጌኛ 28 ተጨመሩ። ከእያንዳንዱ ጭማሪ በስተጀርባ መጽሐፍ ገልብጦ ማስረጃ የሰበሰበ፣ ሠንጠረዥ የሠራ፣ ደብዳቤ የተጻጻፈ ሰው አለ። የዳንኤል ያዕቆብ ስም በዚህ ሥራ ውስጥ ተደጋግሞ ይገኛል።

ስምምነቱ ግን ወረቀት ላይ ቢሰፍርም ቱርሚ አይደርስም። ፎንት ያስፈልጋል፣ ኪቦርድ ያስፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ «እንዴት?» ለሚል ሰው የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። ሰናምርምር የተባለው ፕሮጀክት «ጅረት»ን የመሳሰሉ ፎንቶችን በነጻ ለቀቀ። ማይክሮሶፍት «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ይዞ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ሰው አማርኛ ያነበበው በእንዲህ ያለ ነጻ ሥራ ነው። በ2003 የተጀመረው የአማርኛ ውክፔዲያም ዛሬ ያሉትን ከ15 ሺህ የማያንሱ ገጾች ያገኘው ማንም ሳይከፍላቸው በጻፉና እርስ በርስ በተራረሙ ሰዎች ነው።

እኔን ያዳነኝ ሰው ከእነዚህ አንዱ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከዚያ የፈተና ሌሊት በኋላ ጂንካ ሄጄ፣ አንድ ኢንተርኔት ካፌ ገብቼ፣ ኢትዮጵያውያን ስለ ኮምፒውተር በሚጠያየቁበት ቦታ ላይ ችግሬን ጻፍኩ። መስመሩ በየደቂቃው ይቆረጣል፣ ሂሳቡ ይቆጥራል። በማግስቱ ስመለስ መልስ አገኘሁ። ስሙ ስም አልነበረም፣ ሦስት ፊደልና ሁለት ቁጥር። «አይዞህ፣ ፋይልህ አልጠፋም» ብሎ ነበር የጀመረው። ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ ዘጠኝ ደረጃ ዘረዘረልኝ፤ የድሮውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ እንዴት እንደምቀይር፣ ፎንቱን የት እንደማገኝ፣ ኪቦርዱን እንዴት እንደምጭን። በሁለተኛው ቀን ደግሞ «ሠራልህ?» ብሎ ጠይቆኛል።

ሠርቶልኛል። ፈተናዬን አነበብኩ፣ ለባልደረቦቼም አሳየኋቸው፣ ከዚያ በኋላ የትኛውም ፋይል አልጠፋብኝም። ለ«ሠራልህ?» ግን አልመለስኩለትም። ችኮላ ነው፣ ስንፍናም ነው። ከዓመታት በኋላ ላመሰግነው ብዬ ስፈልግ ቦታው ራሱ የለም። ጥያቄው፣ መልሱ፣ ዘጠኙ ደረጃ፣ ሁሉም ከነገጹ ጠፍቷል።

ይሄ ነው የሚያሳስበኝ። ዛሬ መልሱ ያለው በቴሌግራም ነው። ፈጣን ነው፣ ቱርሚም ይደርሳል፣ አልናቅኩትም። ግን ትናንት የተመለሰው ጥያቄ ዛሬ በመቶ መልእክት ሥር ተቀብሯል፤ ያንኑ ጥያቄ ሌላ ሰው እንደ አዲስ ይጠይቃል፣ ሌላ ደግ ሰው እንደ አዲስ ይመልሳል። ደግነቱ አለ፣ መዝገቡ የለም። መዝገብ ከሌለ ደግሞ ምስጋናም አድራሻ ያጣል። ትልልቅ ስሞቹን ለመጥቀስ ችያለሁ፤ «አይዞህ፣ ፋይልህ አልጠፋም» ያለኝን ሰው ግን በየትኛው ታሪክ ውስጥ ላስገባው?

ይህን ሁሉ ለዚያ አስጎብኚ ልጅ በዚያው ሰኞ በግማሹ አጫወትኩት። ሾፌሩ ሄዷል፣ ገበያው እየተበተነ ነው። ሲሰማኝ ቆየና ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ።

«በሐመርኛስ መጻፍ ይቻላል?»

አፌን ያዘኝ። ለካ ሁለታችንም በአማርኛ ነው ስናወራ የቆየነው። እሱ ለሾፌሩ የጫነው ኪቦርድ የእሱ እናት የምትናገረውን ቋንቋ ድምፆች ሁሉ አይዝም። ሐመርኛ ውስጥ አየር ወደ ውስጥ ተስቦ የሚነገር «ድ» አለ፤ በኦሮምኛም አለ። ለዚያ ድምፅ የሚሆን «ዸ» የሚል ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ተቀምጧል። ያስገቡት ሰዎች ለኦሮምኛ ብለው እንጂ ቱርሚን አስበው አይደለም። ሐመርኛ በግዕዝ ይጻፍ ወይስ በላቲን የሚለውን የሚወስኑት ተናጋሪዎቹ ናቸው፤ መሞከር ለሚፈልግ ልጅ ግን ፊደሉ ቀድሞት ደርሷል።

ሐመሮች በሩቅ አገር፣ ከሌላ ሕዝብም ቢሆን፣ የሚያበጁትን ወዳጅ «ቤል» ይሉታል። ቤል ሲመጣብህ ታስተናግዳለህ፣ ስትሄድበት ያስተናግድሃል፣ የሰጠኸውን በዕለቱ አትቆጥርበትም። እኔም ያን ሦስት ፊደልና ሁለት ቁጥር የሆነ ሰው ቤሌ እንደሆነ ቆጥሬዋለሁ፤ ደጁን ስላጣሁት ግን የእሱን ድርሻ ለሌላ መስጠት ግድ ሆነብኝ።

«ዸ»ን በስልኬ ፈልጌ ለልጁ ላክሁለት። ቀድቶ ለጠፈው፣ ከሌሎች ፊደላት ጋር አገጣጠመው፣ ለራሱ ድምፁን እያሰማ አነበበው፣ ሳቀ።

«ሌላውስ?» አለኝ። «ከንፈር ላይ ያለው፣ በ የሚመስለው?»

ለእሱ የሚሆን መልስ በእጄ አልነበረም። ማታ ማረፊያዬ ገብቼ፣ ኔትወርኩ ሲመለስ፣ የፊደል ነገር የሚወዱ ሰዎች ባሉበት ቡድን ውስጥ ጥያቄውን ጻፍኩ። ጠዋት ስነሳ አንድ የማላውቀው ሰው «አይቼ እነግርሃለሁ» ብሎ መልሷል።

በዚህኛው ጊዜ ወዲያው መለስኩለት። አመሰግናለሁ አልኩት።